አውቶማቲክ ሰዓቴ ለምን ይቆማል? ከድሬዳዋ ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ድሬ ውስጥ አውቶማቲክ ሰዓት ያሰረ ሰው አይጠፋም። አንዱ ከጅዳ ዘመድ ልኮለት ነው። ሌላው በጅቡቲ በኩል የገባ፣ ከፊራ ገበያ አካባቢ ገዝቶ ነው። ሌላው ደግሞ ከአባቱ ወርሶ። ሦስቱም ጋ መመሪያ ደብተር የለም። ስለዚህ ሰዓቱ አንድ ጠዋት ቆሞ ሲገኝ «ተበላሸ» ይባልና ወደ ሰዓት ሠሪ ይሮጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰዓቱ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው የባለቤቱ ውሎ ላይ ነው።

ባትሪ ከሌለው በምን ይሠራል?

በክንዳችሁ እንቅስቃሴ። የሰዓታችሁ ጀርባ መስታወት ከሆነ ገልብጣችሁ እዩት። መሐሉ ላይ የተሰካ ግማሽ ክብ ብረት አለ፣ ሮተር ይባላል። ሰዓቱን ወዲያ ወዲህ ስታዘነብሉት ብረቱ በክብደቱ ይዞራል። ሲዞር በጥርሶች አማካይነት አንዲት የተጠቀለለች ሞላ ያጠብቃል። ሞላዋ ደግሞ ቀስ እያለች ስትፈታ ሰዓቱን ታንቀሳቅሳለች።

ሞላዋን እንደ ግቢያችሁ ሮቶ አስቧት። ውኃ በመጣ ሰዓት ትሞላለች፣ በጠፋ ሰዓት ከእሷ ትቀዳላችሁ። ክንዳችሁ ሲንቀሳቀስ ውኃው መጣ ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ሃርውድ ለእጅ ሰዓት የሚሆን አውቶማቲክ ሥሪት የስዊዝ ፓተንት ያገኘበት በ1924 (እ.ኤ.አ.) ነው። በእሱ ሥሪት ክብደቱ ሙሉ ዙር አይዞርም ነበር፤ ወዲያ ወዲህ ሲል እየተጋጨ ይመለሳል። ሮሌክስ በ1931 ሙሉ ክብ የሚዞረውን አመጣ። ሴይኮ ደግሞ በ1959 ሮተሩ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ሞላውን የሚያጠብቅ ቀላል መሣሪያ ሠራ። በ1963 ሴይኮ 5 ወጣና አውቶማቲክ ሰዓት ተራው ሰው እጅ ላይም ገባ።

ካወለቅኩት በኋላ ስንት ሰዓት ይሠራል?

ሙሉ ከነበረ፣ የተለመዱት ሰዓቶች 40 ሰዓት አካባቢ ይሄዳሉ። ኢቲኤ 2824 የሚባለው የስዊዝ ሞተር (ሰዓቱን የሚያስኬደው የውስጥ ዕቃ) 38 ነው። ሴይኮ 4አር36 41 ሰዓት ነው። አንዳንድ የቲሶ ሰዓቶች ላይ ያለው ፓወርማቲክ 80 ስሙ እንደሚለው 80 ይሄዳል።

በእኛ አቆጣጠር እናስላው። ዓርብ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሙሉ ሆኖ ያወለቃችሁት ሰዓት እሑድ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ይቆማል። ሰኞ ጠዋት ቆሞ ብታገኙት በሰዓቱ አትፍረዱ።

የራሳችሁን መለካት ከፈለጋችሁም ቀላል ነው። ሙሉ ቀን አድርጋችሁት ዋሉ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ ያወለቃችሁበትን ሰዓት ጻፉ። የቆመበትን ራሱ ይነግራችኋል። 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሄደ ደህና ነው። 15 ወይም 20 ላይ ከቆመ ወይ በደንብ አልሞላም፣ ወይ የውስጡ ዘይት ደርቋል።

ቀኑን ሙሉ አስሬው እውላለሁ፤ ግን ሌሊት ይቆማል። ለምን?

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ። ከድሬ ሰው የምሰማው ትልቁ ስሞታ ይኼ ነው።

ማሰርና ማንቀሳቀስ ይለያያሉ። አምራቾቹ «በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እሰሩት» ሲሉ የሚያስቡት የሚራመድ፣ ዕቃ የሚያነሳ፣ በር የሚከፍት ሰው ነው። አሁን የድሬን ውሎ ተመልከቱ። ጠዋት ሱቅ ይከፈታል። ሰውየው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ደንበኛ ይጠብቃል። 6 ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋና ቤት ይገባል። ምሳ ይበላል፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ይላል። በርጫ ካለ ደግሞ እስከ 10 ሰዓት ንቅንቅ የለም።

በበርጫ ላይ ያለን ሰው እጅ አስተውሉ። ግራ ክርኑ ትራስ ላይ ተተክሏል። ቀኝ እጁ ቅጠል ይቀነጥሳል፣ ውኃ ያነሳል፣ ጨዋታ ሲሞቅ አየር ላይ ይወራጫል። ሰዓቱ ያለው የትኛው እጅ ላይ ነው? ግራው ላይ። ሦስትና አራት ሰዓት ሙሉ ሮተሩ ወደ አንድ ጎን ወርዶ እንደተኛ ነው። ሞላዋ ግን መፍታቷን አላቆመችም። እንዲህ የዋለ ሰዓት ማታ ሲወልቅ ግማሽም ላይሞላ ይችላል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቢቆም ምን ይገርማል?

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት በእጅ መሙላት፤ እንዴት እንደሆነ ከታች አለ። ሁለተኛው፣ በርጫ ላይ ሰዓቱን ወደ ቀኝ እጅ ማዞር። እየቀለድኩ አይደለም አቦ፣ ይሠራል።

የባጃጅ ሹፌር፣ አናጢ፣ አስተናጋጅ ይህ ችግር የለባቸውም። ሐረር መኪና ግርግር ላይ ቀኑን ሲለካ፣ ሲቆርጥ፣ ጨርቅ ሲገፋ የሚውል ልብስ ሰፊም ሰዓቱ ሞልቶ ያድራል። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሰው ግን ከበርጫው ሰው ብዙም አይሻልም። ጣት ሲጽፍ ክንድ አይንቀሳቀስም።

አባቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰዓታቸው በየቀኑ ይቆማል። 20 ዓመት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። አረጀ ማለት ነው?

ሰዓቱም ሊያረጅ ይችላል፣ መጀመሪያ ግን ውሏቸውን ተመልከቱ። ያኔ ሥራ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር። አሁን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ሰዓቱ የሚያገኘው እንቅስቃሴ ከሶላት ቤት ወይም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያለውን ብቻ ነው።

ጠዋት ቡና ሲቀርብላቸው ሰዓቱን ተቀበሏቸውና ሙሉላቸው። አንድ ሳምንት እንዲህ ሆኖ ካልቆመ ሰዓቱ ደህና ነው። እየተሞላም ከቆመ ያኔ ሰዓት ሠሪ ጋ ውሰዱት። ባትሪ ያለው አዲስ ሰዓት ገዝቶ መስጠትም አለ። የወደዱትን ሰዓት መንጠቅ ግን ቀላል ነገር አይደለም።

በእጅ መሙላት ይቻላል?

እንደ ሞተሩ ነው። የሰዓቱ ጀርባ ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች እዩ። ሴይኮ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ሞተሩን ይናገራሉ። 6309፣ 7009 ወይም 7ኤስ26 ከሆነ በእጅ አይሞላም። 4አር36 ከሆነ ይሞላል። የድሮዎቹ ኦሪየንቶች፣ 46 የሚባለው ቤተሰብ፣ አይሞሉም። ሲቲዝን 8200 ይሞላል። የስዊዝ ሰዓት ከሆነ አብዛኛው ይሞላል።

ቁጥሩ ካልተነበበ በጣታችሁ ሞክሩት። መሙያውን (ከጎን ያለችውን ቁልፍ) ሳትስቡ ወደ ላይ አዙሩት። ለስለስ ያለ መቋቋምና ጥቃቅን ኮሽታ ከተሰማችሁ እየሞላ ነው። ባዶውን የሚሽከረከር ከሆነ አይሞላም።

የሚሞላ ከሆነ መጀመሪያ ከእጃችሁ አውልቁት። ክንድ ላይ እያለ ስትሞሉት ጣታችሁ መሙያውን ወደ ጎን ይጫነዋል፣ ውስጥ ያለችው ቀጭን ዘንግ ትጎብጣለች። ቁጭ ብላችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የቆመን ሰዓት ለማስነሳት 20 ዙር ይበቃል። ከባዶ እስከ ሙሉ ለመድረስ እንደ ሞተሩ 40 ወይም 50 ዙርና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ቀሪውን ክንዳችሁ ይጨርሰዋል።

የማይሞላ ከሆነ ሰዓቱን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙትና ለግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ አወዛውዙት። ሰከንድ ቆጣሪዋ ትነሳለች። ከዚያ ሰዓቱን አስተካክሉና እሰሩት። እንደ መድኃኒት ጠርሙስ መነቅነቅ አያስፈልግም። ሮተሩ የሚፈልገው መዞር ነው፣ መጋጨት አይደለም።

ከልክ በላይ ሞልቼ ሞላውን ብበጥሰውስ?

አይበጠስም። በአውቶማቲክ ሰዓት ውስጥ የሞላዋ ጫፍ ግድግዳው ላይ አልተቸነከረም። ሲሞላ ይንሸራተታል። እንዲያ ባይሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ የሚራመድ ሰው ሰዓት በየሳምንቱ ይፈነዳ ነበር። ፍርሃቱ የመጣው ከአያቶቻችን የእጅ ሙል ሰዓት ነው። እሱ መጨረሻው ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ በግድ ማዞር እውነትም ይጎዳዋል።

ሰዓቴን በሐበሻ አቆጣጠር ነው የምሞላው። ቀን መቁጠሪያውን ያበላሸዋል?

ሞተሩን አያበላሸውም። ቀኑ የሚቀየርበትን ሰዓት ግን ያዛውረዋል። ይህን ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የትኛውም መመሪያ አይነግራችሁም።

ሰዓቱ ቀን የሚቀይረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው፣ ያውም በሁለተኛው ዙር። ለፈረንጅ ያ እኩለ ሌሊት ነው። በሐበሻ ሰዓት ለሞላ ሰው ግን 12 ማለት ወይ ንጋት ነው፣ ወይ ምሽት። ስለዚህ ቀናችሁ የሚቀየረው ፀሐይ ስትወጣ ወይም ስትገባ ነው።

የትኛው እንደሆነ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ሰዓቱን ስትሞሉ ቆጣሪዎቹን ወደ ፊት እያዞራችሁ ቀኑን ተመልከቱ። ቀኑ ዘሎ ሲቀየር አሁን ንጋት 12 ነው በሉና ከዚያ ተነስታችሁ ወደ ትክክለኛው ሰዓት ሂዱ። ጠዋት ከሆነ እዚያው ዙር ላይ ትቆማላችሁ። ማታ ከሆነ 12ን አንድ ጊዜ ታልፋላችሁ። ከእንግዲህ ቀኑ ከፀሐይ ጋር ይነሳል። በሂጅራ አቆጣጠር የሚሄድ ሰው ደግሞ ምሽት 12 ላይ እንዲቀየር ቢያደርገው ይስማማዋል፣ የእሱ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትገባ ነውና።

አንድ አደጋ ግን አለ። ቀኑን በፍጥነት የምትቀይሩበት፣ ማለትም መሙያውን ግማሽ ድረስ ስባችሁ የምታዞሩበት አሠራር፣ ቀን መቀየሪያው ጥርስ ሥራ ላይ እያለ አይነካም። መመሪያዎቹ «ከማታ 9 እስከ ሌሊት 4 አትንኩት» የሚሉት በፈረንጅ ሰዓት ነው። በሐበሻ ሰዓት ሞልታችሁ ቀኑ ንጋት ላይ የሚቀየር ከሆነ፣ አደገኛው ጊዜ ከሌሊት 9 እስከ ጠዋት 4 ነው። ሰው ከእንቅልፉ ተነስቶ «ኧረ ቀኑ ተሳስቷል» ብሎ መሙያውን የሚስበው ደግሞ ልክ በዚያን ሰዓት ነው! ምሽት ላይ የሚቀየር ከሆነ ከቀኑ 9 እስከ ማታ 4 ተጠንቀቁ።

ይህ ሁሉ ስሌት ከከበዳችሁ አንድ መላ አለ። ቀን ከመንካታችሁ በፊት መሙያውን እስከ መጨረሻው ሳቡና የሰዓቱን ቆጣሪ ወደ ታች፣ 6 ላይ አምጡት። ያኔ ጥርሱ ነፃ ነው። ቀኑን አስተካክሉ፣ ከዚያ ሰዓቱን ወደ ፊት እያዞራችሁ መልሱ። ያቺ ጥርስ ስስ ናት። ስትሰበር ሰዓቱ መሥራቱን ይቀጥላል፣ ቀኑ ግን ይሞታል።

ቀኑንስ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ላድርገው?

አድርጉት፣ ግን ሥራ አለው። ሰዓቱ ሁሉንም ወር 31 አድርጎ ነው የሚቆጥረው። የፈረንጆቹን የሚከተል ሰው በዓመት አምስት ጊዜ ያስተካክላል። የእኛ ወር 30 ስለሆነ በየወሩ መጨረሻ 31 ይመጣባችኋል፣ አንድ ትዘላላችሁ። ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ ሰዓቱ 6 ይላል፣ እናንተ መስከረም 1 ናችሁ። 26 ቀን ወደ ፊት መዝለል ነው። ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት 25። በድምሩ በዓመት 13 ጊዜ። ለእንቁጣጣሽ ጠዋት የሚሆን ሥራ ነው፣ ቆጣሪውን 6 ላይ ማምጣት ሳትረሱ።

ዕለቱ በዐረብኛ ነው የሚያሳየው። ወደ እንግሊዝኛ ይቀየራል?

ይቀየራል። ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የተሠሩ ሴይኮዎች ሁለቱም ቋንቋ አላቸው። መሙያውን ግማሽ ስባችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ስታዞሩ ቀኑ፣ ወደ ሌላው ስታዞሩ ዕለቱ ይሄዳል። ዕለቱን አንድ አንድ እያላችሁ ግፉት፣ ዐረብኛና እንግሊዝኛ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ቀኑ ከተቀየረ በኋላ ለጥቂት ሰዓት በሌላው ቋንቋ ብታዩት አትደንግጡ። በዚያ በኩል አልፎ ነው ወደ መረጣችሁት የሚደርሰው።

ሰዓቴ ሁልጊዜ 12 ሰዓት አካባቢ ነው የሚቆመው። ምን ነክቶት ነው?

ሞላዋ ደክማለች። ቀንና ዕለት መግፋት ለሰዓቱ ከባዱ ሥራ ነው። ጉልበቱ ሊያልቅ የተቃረበ ሰዓት ሌላ ጊዜ ይንፏቀቅና እዚያ ሲደርስ ያቅተዋል። መጀመሪያ በደንብ ሞልታችሁ ሞክሩት። ሙሉ ሆኖም እዚያው ከቆመ ቀን መቀየሪያው ጋ ቆሻሻ ወይም የተጎዳ ጥርስ አለ።

በቀን ግማሽ ደቂቃ ይፈጥናል። ተጭበርብሬ ነው?

አይደለም። በቀን 86,400 ሰከንድ አለ። 30 ሰከንድ ከዚያ ውስጥ ኢምንት ነው። ሴይኮ ራሱ ለ4አር36 የሚሰጠው ገደብ በቀን እስከ 45 ሰከንድ መፍጠን ወይም እስከ 35 ሰከንድ መዘግየት ነው። የስዊዝ ክሮኖሜትር የሚባለው ፈተና ከ4 ሰከንድ መዘግየት እስከ 6 ሰከንድ መፍጠን ይፈቅዳል፣ ያንን ግን በዋጋው ታዩታላችሁ። የ500 ብር የባትሪ ሰዓት ሁሉንም ይበልጣቸዋል። አውቶማቲክ የሚታሰረው ለዚያ አይደለም።

አንድ ነገር ግን እናንተም ማድረግ ትችላላችሁ። በደንብ ያልሞላ ሰዓት አካሄዱ ይዛባል። ስለዚህ መጀመሪያ ይሙላ። ከዚያ ሌሊት የምታስቀምጡበትን ሁኔታ ቀያይሩ። ብዙ ሰዓቶች ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲያድሩ ትንሽ ይፈጥናሉ፣ በጎናቸው ሲቆሙ ይዘገያሉ። የእናንተ በየትኛው እንደሆነ በሳምንት ታውቁታላችሁ። ቀን የፈጠነውን ሌሊት ማካካስ ይቻላል።

ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ በሰዓት ውስጥ ደቂቃዎች ይፈጥናል!

ማግኔት። ውስጡ ያለችው እንደ ፀጉር የቀጠነች ሞላ ማግኔት ሲይዛት ቀለበቶቿ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ አጠረች ማለት ነው። አጭር ሞላ ይፈጥናል። ጂፓስ (ስፒከር) ላይ አስቀምጣችሁት አደረ? የስልክ ሽፋናችሁ መዝጊያው ማግኔት ነው? ከቦርሳ ቁልፍ ጋር ከርሟል? ትንሽ ኮምፓስ አጠገቡ አምጡና መርፌዋ እየተንቀጠቀጠች ከተከተለችው ነገሩ እሱ ነው። ሰዓት ሠሪዎች ማግኔት ማጥፊያ መሣሪያ አላቸው፣ ሥራው ሰከንዶች ነው የሚፈጀው። «ሙሉ ፈትቼ ላጥበው» የሚላችሁ ካለ መጀመሪያ ማግኔቱን እንዲያጠፋ ጠይቁት።

ወድቆ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ያኔ ሞላዋ ተጣምማ ሊሆን ይችላል፤ መከፈቱ አይቀርም።

የድሬ ሙቀት ይጎዳዋል? ሐረር ስወጣስ ብርዱ?

ክንድ ላይ ያለ ሰዓት የሚያውቀው የእናንተን ቆዳ ሙቀት ነው፣ ድሬም ሆነ ሐረር ለውጡ ትንሽ ነው። በጥንት ጊዜ ሙቀት ሰዓትን በእጅጉ ያዘገይ ነበር። ሻርል ኤድዋር ጊዮም የሚባል ስዊዝ ፊዚሲስት ሙቀት ብዙም የማይለውጠው የኒኬልና የብረት ቅይጥ ሠርቶ ያንን ጣጣ ቀነሰው። በ1920 ኖቤል ያገኘው በዚህ ሥራው ነው። የዛሬ ሰዓቶች ሞላ የዚያ ቅይጥ ዘር ነው።

የሚጎዳው ሌላ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፀሐይ በሚመታው የመኪና ዳሽቦርድ ላይ የተተወ ሰዓት። እዚያ ላይ ብረት በእጅ አይነካም። አምራቾች ከ60 ዲግሪ በላይ አታድርሱ ይላሉ። ዘይቱ ይበላሻል፣ ጎማዎቹ ይደርቃሉ።

ከሙቀቱ ይልቅ ላቡ የባሰ ነው። የብረት ማሰሪያችሁን ከሰዓቱ ፈትታችሁ መጋጠሚያዎቹን በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ፈትጉት። የሚወጣው ጥቁር ነገር ላብ፣ ጨውና የደቻቱ አሸዋ ነው። ያው ነገር በመሙያው ሥር ይገባና ውኃ የሚከለክለውን ጎማ ይበላዋል። ማታ ስታወልቁት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያም በደረቅ። ይኸው ነው።

ሐረርን ለምርመራ ተጠቀሙባት። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። ከሰዓት በኋላ ከድሬ ተነስታችሁ ደንገጎን ወጥታችሁ ማታ ሐረር ስትደርሱ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ካሳየ ሰዓቱ ውስጥ እርጥበት አለ። ጉሙ ጠዋት ቢጠፋም ውኃው አልወጣም። ሳይዝግ አስከፍቱት።

በውዱእ ጊዜ ማውለቅ አለብኝ?

ጀርባው ላይ «ውኃ ይቋቋማል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለበት የድሮ ሴይኮ 5 ጠብታ ይችላል። በቀን አምስት ጊዜ የሚፈስ ውኃ ግን፣ ያውም ጎማው ሃያ ዓመት ሆኖት፣ ብዙ ነው። አውልቁት። 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነና ጎማው በቅርቡ ከተቀየረ ችግር የለም፣ መሙያው መገፋቱን ብቻ አረጋግጡ። ሙቅ ሻወር ለማንኛውም ሰዓት አይመከርም።

ሰዓቱን እያሽከረከረ የሚሞላ ሣጥን ልግዛ?

አያስፈልግም። አንድ ሰዓት ያለው ሰው ክንድ አለው። መብራት ሲጠፋ ሣጥኑም ይቆማል። ሰዓት ቆሞ ቢያርፍ አይጎዳም።

በስንት ዓመት ይታጠባል?

በየ3 እስከ 5 ዓመት የሚል መመሪያ ብዙ ነው። ድሬ ውስጥ ላብና አቧራ ስላለ ወደ 3ቱ ብትጠጉ አይከፋም። ብዙ ሰው ግን እስኪቆም ይጠብቃል፣ ሰዓቱም 15 ዓመት ይታገሰዋል። ዋጋውን የሚከፍሉት ደርቀው የሚፋጩት ጥርሶች ናቸው።

ሰዓት ሠሪ ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ትፈታዋለህ ወይስ እንዳለ ታጥበዋለህ?» ሞተሩን ሳይፈታ ቤንዚን ውስጥ ነክሮ የሚያወጣ አለ። ሰዓቱ ለሁለት ወር ይሮጣል። የድሮው ዘይት ታጥቦ ሄዷል፣ አዲስ አልተጨመረም። ከዚያ በደረቁ ይፈጫል። በደንብ የሚሠራው ሰው ሁሉንም ፈትቶ ያጥባል፣ በመርፌ ጫፍ በምታህል ነገር ቦታ ቦታውን ዘይት ይነካል። ርካሽ አይደለም፣ በአንድ ቀንም አያስረክባችሁም።

አሮጌ ሴይኮ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

ፊቱ ከመጠን በላይ ካንጸባረቀ ተጠራጠሩ። ሕንድ ውስጥ ፊታቸው እንደ አዲስ ተቀብቶ፣ ከሦስት ሰዓት የተለቃቀመ ዕቃ ተገጥሞላቸው የሚሸጡ አሉ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ደማቅ ብርቱካናማ ፊት ያለው የ1970ዎቹ ሴይኮ 5 ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ጽሑፉን በማጉያ እዩ፣ ፋብሪካው የጻፈው ፊደል ጠርዙ ስል ነው።

ከፊቱ ግርጌ፣ ከ6 ሥር፣ ጥቃቅን ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ከጀርባው ጋር መመሳሰል አለባቸው። ፊቱ 7009፣ ጀርባው 6309 ካለ ሰዓቱ ሁለት እናት አለው። ከዚያ ወደ ጆሯችሁ አስጠጉና ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አወዛውዙት። ሮተሩ በለስላሳ ድምፅ መዞር አለበት። የብረት ጭረት ከተሰማ መሐል ማያዣው አልቋል፣ ጀርባውን እየፋቀ ነው።

ሻጩ «አሁን ነው የሞላሁት፣ አይቆምም» ካላችሁ እሺ በሉት፣ ቀብድ ስጡና ለሁለት ሌሊት ውሰዱት። አይሆንም ካለ ሌላ ሱቅ አለ።